ከሰደድ እሳት በኋላ፦ ከተቃጠለ ተዳፋት ሥር ለሚኖር ሰው የደራሽ ጎርፍና የጭቃ ናዳ መመሪያ

እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል። በተቃጠለ ተራራ ላይ ግን ነገሩ በአመድ አያበቃም፤ አመዱ በተራው ጎርፍ ይወልዳል። እሳቱ ጠፍቶ፣ ጭሱ ጠርቶ፣ ሰው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለተኛው አደጋ ገና መጀመሩ ነው። ይህን የምጽፈው ቤቱ ከእሳት ለተረፈለት፣ ነገር ግን ከበላዩ የጠቆረ ተዳፋት ላለበት ሰው ነው።

በካሊፎርኒያ የሆነውን ላስታውስ። «ቶማስ» የተባለው ሰደድ እሳት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ተነስቶ ከ110 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2018፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በተቃጠለው ተራራ ላይ ዶፍ ወረደ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የተለካበት ቦታ ነበር። ከሥሩ ባለችው ሞንቴሲቶ የጭቃና የድንጋይ ናዳ 23 ሰዎችን ገደለ፤ ከ100 በላይ ቤቶችን አፈረሰ። እሳቱ ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋለ ተብሎ የተነገረው ከናዳው 3 ቀን በኋላ ነው። ከፈረሱት ብዙዎቹ እሳት ያልነካቸው ቤቶች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ ብባል የምለው ይህን ነው፦ ውሳኔው በደረቅ ቀን ይለቅ፣ መውጣቱ ከዝናቡ በፊት ይሁን። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ምክክር አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። የሚከተለው ሁሉ ይህን ለመፈጸም የሚረዳ ዝርዝር ነው።

1. ምን እንደሚመጣባችሁ እወቁ

ጤነኛ ጫካ ዝናብን ያበርዳል። ቅጠሉ ነጠብጣቡን ይቀበላል፣ መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ ሥሩ የከፈተው ቀዳዳ ውሃውን ወደ ውስጥ ያሰርጋል። እሳት ሦስቱንም በአንድ ቀን ይወስዳል። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል። ቅጠልና ቅርንጫፍ ሲነድ በውስጡ ያለው ሰምና ቅባት ይተንና የተወሰነው ወደ አፈሩ ይገባል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ቀዝቀዝ ያለ አፈር ሲያገኝ በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ ይለጠፋል። ከላይ ሲያዩት ለስላሳ አመድ ነው፤ ከሥሩ ግን ሰም እንደተቀባ ጨርቅ ውሃ የሚገፋ አፈር ተኝቷል።

ከዚህ የሚመጡት አደጋዎች ሁለት ናቸው፤ ስማቸውን መለየት ይጠቅማል። ደራሽ ጎርፍ ውሃ ነው፤ አመድና አፈር ይዞ የጠቆረ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፈፋውን ሞልቶ የሚወጣ። የጭቃ ናዳ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እርጥብ ሲሚንቶ የሚመስል፣ ክብደቱ የውሃን እጥፍ የሚያህል፣ ከፊቱ ትልልቅ ቋጥኝና ግንድ እየገፋ የሚወርድ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጎርፍን ግንብ ሊያቆመው ይችል ይሆናል፤ ናዳ ግን ግንቡን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ለጎርፍ የተዘጋጀ ሰው ለናዳ ተዘጋጅቻለሁ ብሎ እንዳይታለል አደራ።

2. አፈሩን በጠብታ ፈትኑት

ይህን ፍተሻ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ዝናብ ያልተተነበየበትን ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ። ከተቃጠሉ ዛፎች ሥር አትቁሙ፤ ቆመው የቀሩ ግንዶች ያለ ምልክት ይወድቃሉ። የምትረግጡትንም ተመልከቱ፤ የተቃጠለ ጉቶ ሥሩ ነድዶ ከመሬት በታች ጉድጓድ ትቶ ሊሆን ይችላል፣ ፍሙም ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ጓንትና ማስክ አድርጉ።

የክዳኑ ጫፍ በመርፌ የተበሳ የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። አመዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡና እርቃኑን አፈር አግኙ። አንድ ጠብታ ጣሉበትና ቁጠሩ። ጠብታው ወዲያው ከጠለቀ ያ ንብርብር ደህና ነው። ከ5 ሰከንድ በላይ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከቆየ አፈሩ ውሃ ይገፋል። እዚያው ላይ 1 ሴንቲሜትር ፋቁና ድገሙ፤ ከዚያ 2፣ ከዚያ 5 ሴንቲሜትር ድረስ ውረዱ። ብዙ ጊዜ ላይኛው አፈር ውሃ ይጠጣል፣ ዝቅ ሲባል ጠብታው ይቆማል። ከላይ ያለው ስስ አፈር በፍጥነት ይጠግብና በሚገፋው ንብርብር ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው።

በአንድ ቦታ አትፍረዱ፤ በ10 ወይም በ15 ቦታ ሞክሩ። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ልባችሁ አይረፍ። ውሃ የማይገፋ አፈርም አመድ ቀዳዳውን ሲደፍነው፣ ዝናብም ሲደበድበው እንደ ወለል ይሆናል። ፍተሻው አደጋ መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

3. ቦታችሁን አንብቡ

የእሳቱ ካርታና የጎርፉ ካርታ አንድ አይደሉም። ጥያቄው «ቤቴ ተቃጥሏል ወይ?» ሳይሆን «ከተቃጠለው የሚወርደው ውሃ በየት በኩል ያልፋል?» ነው።

ከቤታችሁ ተነስታችሁ ወደ ላይ ያለውን ፈፋ ተከትላችሁ ሂዱ፤ ይህም በደረቅ ቀን። በመጀመሪያ ተዳፋቱን እዩ። በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ተቃጥሎ ከ23 ዲግሪ በላይ የሚያዘነብል፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 42 ሜትር ያህል የሚነሳ ከሆነ፣ ለጭቃ ናዳ አመቺ ነው። ከዚያ ፈፋው ከተራራው ወጥቶ ሜዳ የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ መሬቱ ብዙ ጊዜ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ ለጥ ያለ፣ ለቤት መሥሪያ የሚያጓጓ ነው። ያንን ሜዳ የሠራው ግን የዱሮ ናዳና ጎርፍ ነው። በጓሮ ወይም በመንገድ ዳር የቆሙ፣ ከአካባቢው አለት የተነጠሉ፣ ሰው ሊያነሳቸው የማይችል ድንጋዮች ካሉ፣ ማን አመጣቸው ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ናዳው የለመደውን ቦይ ትቶ በጎን ሊወጣ ይችላል፤ «ፈፋው ከእኔ 80 ሜትር ይርቃል» የሚለው መጽናኛ ብዙም አያጽናናም።

ወደ ታች ስትመለሱ ድልድዮቹንና የመንገድ ውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ቱቦ በአንድ ግንድና በጥቂት ቅርንጫፍ ሊዘጋ ይችላል። ሲዘጋ ውሃው በየት በኩል እንደሚሻገር ቆም ብላችሁ ገምቱ፤ መልሱ «በቤቴ በር» ከሆነ አሁኑኑ እወቁት።

የአካባቢው አስተዳደር ወይም የጂኦሎጂ ተቋም የአደጋ ካርታ ካወጣ አግኙትና ካያችሁት ጋር አስተያዩ። በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋሙ ከትልልቅ እሳቶች በኋላ እያንዳንዱ ተፋሰስ ናዳ የማስነሳት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ያወጣል። እንዲህ ያለ ካርታ በሌለበት አገር ከላይ ያለው የእግር ጉዞ ካርታችሁ ነው።

4. የዝናቡን ፍጥነት ለኩ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ምንም ላያደርግ ይችላል፤ በሩብ ሰዓት የወረደ 8 ሚሊ ሜትር ግን ተራራ ያወርዳል። በደቡብ ካሊፎርኒያ በ30 ደቂቃ የወረደ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ የጭቃ ናዳ ያስነሳበት ጊዜ አለ። በዚያ አካባቢ በተጠናው መሠረት በሰዓት ከ10 ሚሊ ሜትር ያለፈ ፍጥነት ያለው ዝናብ በአዲስ የተቃጠለ መሬት ላይ አስጊ ነው። ቁጥሩ እንደ አፈሩና እንደ አየር ጠባዩ ይለያያል፤ የእናንተ አካባቢ ባለሙያዎች የራሳቸውን ገደብ ካስቀመጡ በእሱ ተመሩ።

7 ሚሊ ሜትር ሲባል ትንሽ ይመስላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 7 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ከዚህ አብዛኛው ሳይሰርግ በአንድ ጠባብ ፈፋ ቢወርድ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ወይም ማሰሮና ማስመሪያ እንደ ዝናብ መለኪያ ያገለግላሉ። በ15 ደቂቃ የተጠራቀመውን በ4 ብታባዙት የሰዓቱን ፍጥነት ታገኛላችሁ፤ በ15 ደቂቃ 2.5 ሚሊ ሜትር ማለት በሰዓት 10 ነው። ይህን የምጽፈው ግን ዓይናችሁ ፍጥነትን እንዲለምድ ነው እንጂ ለመውጣት የቆርቆሮውን ፈቃድ እንድትጠብቁ አይደለም። ናዳውን የሚያስነሳው ተራራው ላይ የሚዘንበው ነው፤ እናንተ ቤት ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል።

የአየር ትንበያ ቃላትንም ለዩ። «ሁኔታው ለደራሽ ጎርፍ ያመቻል» የሚል ማሳሰቢያ ዕቃ መኪና ውስጥ የሚገባበትና አቅመ ደካሞች የሚወጡበት ሰዓት ነው። «ደራሽ ጎርፍ እየሆነ ነው ወይም ሊሆን ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ ወጥታችሁ መሆን አለበት።

5. መንገዱን በደረቅ ቀን ንዱት

ቢያንስ ሁለት መውጫ ይኑራችሁ። ሁለቱም ያንኑ ፈፋ የሚሻገሩ ከሆነ አንድ መንገድ ነው ያላችሁ። በየመንገዱ ስንት ጊዜ ውሃ እንደምትሻገሩ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ከአጭሩ ይልቅ ብዙ ውሃ የማይሻገረው ይሻላል። የምትደርሱበትም ቦታ ከሌላ የተቃጠለ ሸለቆ ሥር አለመሆኑን አረጋግጡ።

ትልቅ አውራ ጎዳና ስለሆነ አይዘጋም አትበሉ። በኮሎራዶ ግሌንዉድ ካንየን በ2020 ከተቃጠለ በኋላ ጁላይ 29 ቀን 2021 በወረደ ናዳ ከ100 በላይ ሰዎች ትልቁ ጎዳና ላይ መውጫ አጥተው አደሩ፤ መንገዱም ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጋ።

እንግዳ ሆናችሁ ብትሄዱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2003 በካሊፎርኒያ ዋተርማን ካንየን፣ እሳት ባለፈ በሁለት ወሩ፣ በዓል ለማክበር ከተሰበሰቡ ሰዎች መካከል 14ቱ በናዳ ሞቱ። ሸለቆ ውስጥ ያለ ማረፊያ ከመያዛችሁ በፊት ከላይ ያለው ተራራ በቅርብ ተቃጥሎ እንደሆነ ጠይቁ።

6. ማን፣ መቼ፣ በምን ምልክት እንደሚወጣ ጻፉ

በቃል የተባለ ነገር ሌሊት ይረሳል። በወረቀት ላይ ይስፈር፦ የትኛው የትንበያ ቃል ሲሰማ እንወጣለን፣ አያትን ማን ይይዛል፣ ሕፃኑን ማን፣ እንስሳቱ ወዴት ይሄዳሉ፣ ተለያይተን ብንቀር የት እንገናኛለን። መድኃኒት፣ መታወቂያና የቤት ሰነድ፣ መነጽር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ጠንካራ ጫማና የእጅ ባትሪ በአንድ ቦርሳ ይግቡ። ያለ እርዳታ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ትንበያው በተሰማበት ቀን፣ በብርሃን፣ ይውጣ። በዚህ ላይ ቅንጣት ማመንታት አይገባም።

ሌሊቱ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። በሆነ ምክንያት ሳትወጡ የመሸባችሁ እንደሆነ ስልኩ ድምፁ ክፍት ሆኖ ራስጌ ይደር፣ የማስጠንቀቂያ መልእክቱም አለመዘጋቱ ይታይ። መብራት ሲጠፋ ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይኑር። ልብስ ለብሳችሁ፣ ጫማ ከአልጋው ሥር አድርጋችሁ፣ ከተዳፋቱ በተቃራኒ ባለው ክፍል፣ ፎቅ ካለ ፎቅ ላይ ተኙ። በየተራ አንድ ሰው ነቅቶ ይደር።

ጎረቤትንም አትርሱ። ብቻውን የሚኖር፣ ጆሮው የደከመ፣ የማስጠንቀቂያውን ቋንቋ የማይሰማ ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ በወረቀቱ ላይ ስሙ ይግባ።

7. በቤቱ ዙሪያ የሚሠራው ሥራ

እዚህ ላይ ተስፋን መመጠን ያስፈልጋል። የአሸዋ ጆንያ ጥልቀት የሌለውን ውሃና ስስ ጭቃን ከበር ይመልሳል፤ ናዳን አያቆምም። በጆንያው ተማምኖ የቀረ ሰው ጆንያው ባይኖር ኖሮ ይወጣ ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ቢሆንም በትክክል ይሠራ። ጆንያውን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሙሉት፤ ጢም ካለ ክብ ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። አፉን ማሰር አያስፈልግም፤ እጠፉትና የታጠፈውን ወገን በራሱ ክብደት ሥር አድርጋችሁ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አስተኙት። ሁለተኛውን ረድፍ እንደ ጡብ ሥራ በመገጣጠሚያው ላይ ደርቡ፣ እያንዳንዱንም በእግር ረግጣችሁ አደላድሉ። ከሦስት ረድፍ በላይ ከሆነ መሠረቱን አስፉት፣ አለዚያ ይገለበጣል። ዓላማው ውሃውን ወደ ጎን ማስቀየስ ነው፤ ፊት ለፊት መገደብ አይደለም። የምታስቀይሱት ውሃ ግን ጎረቤት ቤት እንዳይገባ ተነጋገሩ፤ መንደሩ በአንድ ላይ ቢያቅድ የተሻለ ነው።

አሸንዳውን፣ ቦዩንና ቱቦውን ከአመድና ከቅጠል አጽዱ። በጠንካራ ነፋስ የሚጠረግ ካልሆነ በቅርብ ባለ ተዳፋት ላይ ገለባ መጎዝጎዝ ይረዳል፤ ከመሬቱ ቢያንስ 60 ከመቶ የሚሆነው ሲሸፈን ነው ጥቅሙ የሚታየው። ዘር መዝራት መልካም ነው፣ ግን የመጀመሪያው ዶፍ ሣሩን አይጠብቅም። በተዳፋቱ ላይ ግንዶችን በአግድም ማጋደም ለቀላል ዝናብ እንጂ ለዶፍ አይመልስም፤ በደንብ ካልተቀበሩም ውሃውን አንድ ቦታ ሰብስበው ይብሳሉ።

የጎርፍ መድን ካላችሁ ውሉን አሁኑኑ አንብቡ። አንዳንዱ ውል ከተፈረመ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚጸናው፣ ጭቃንና ናዳንም ለያይቶ ያያል። የቤቱን ክፍል ሁሉ ፎቶ አንስታችሁ ከቤት ውጭ አስቀምጡ።

8. ከተያዛችሁ

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ እንደ ባቡር የሚያጓራ፣ እየቀረበ የሚሄድ ድምፅ፤ የድንጋይ መፋጨትና የዛፍ መሰበር፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፤ ውሃው በድንገት ሲጠቁር ወይም ሲወፍር። ዝናብ እየዘነበ ፈፋው በድንገት ቢቀንስ ደስ አይበላችሁ፤ ከላይ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሲበረግድም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለቀዋል።

ውጭ ከሆናችሁ ወደ ጎን ሮጣችሁ ከፍታ ላይ ውጡ። ወደ ታች ሮጦ ናዳን ማምለጥ አይቻልም። ቤት ውስጥ ከሆናችሁና መውጫው ከተቆረጠ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ከተራራው ተቃራኒ ወዳለው ወገን ሂዱ። መውጫ የሌለው የጣራ ሥር ክፍል ውስጥ አትዘጉ።

መኪና ውስጥ ከሆናችሁ በውሃ የተሸፈነ መንገድ አትግቡ። 15 ሴንቲሜትር የሚሮጥ ውሃ ቆሞ የሚሄድን ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ብዙ መኪኖችን ይወስዳል፤ 60 ሴንቲሜትር ትልልቆቹንም አይምርም። ድልድይ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ላይኛው ወገን ተመልከቱ፤ ናዳ እየመጣ ከሆነ አትሻገሩ። መኪናው በሚሮጥ ውሃ ከተያዘ ውስጡ ቆዩ፤ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ከፍ ካለ ግን ጣራው ላይ ውጡ።

9. ከመጀመሪያው ማዕበል በኋላ

ናዳ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ በየተራ ይመጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ጸጥ ሲል ዕቃ ለማትረፍ ወይም ለማየት የወረደ ሰው በዚያ መካከል ይያዛል። ባለሥልጣናት እስኪፈቅዱ ከፍታው ላይ ቆዩ።

ስትመለሱ የወደቀ ሽቦና የጋዝ ሽታ ቅድሚያ ይሰጣቸው፤ ከሁለቱ አንዱም ቢኖር ተመልሳችሁ ውጡ። ጭቃው ተራ ጭቃ አይደለም። የተቃጠሉ ቤቶችን አመድ፣ ከባድ ብረቶችን፣ የፍሳሽ ቆሻሻን ሊይዝ ይችላል። ቦት ጫማ፣ ጓንትና ማስክ ሳታደርጉ አትንኩት፣ ሕፃናትም አይጫወቱበት። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠጡት ሳይመረመር አትጠጡ፤ ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ኬሚካልን አያስወግድም።

10. ለስንት ጊዜ?

የጭቃ ናዳ በብዛት የሚታየው ከእሳቱ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው። የደራሽ ጎርፉ ስጋት ግን ዕፅዋቱ እስኪመለስ፣ እስከ 5 ዓመትም ሊቆይ ይችላል። በኒው ሜክሲኮ ሩዶሶ የተባለችው ከተማ እሳቱ በጁን 2024 ነበር፤ ጁላይ 8 ቀን 2025፣ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ 3 ሰዎች ሞቱ። ከዚያም ወዲያ የሞቱት ዛፎች ሥር እየበሰበሰ አፈሩን መያዝ ሲያቆም፣ ለቀናት ያለማቋረጥ የሚዘንብ ዝናብ ሌላ ዓይነት የመሬት መንሸራተት ሊያመጣ ይችላል።

በተራራው ላይ አረንጓዴ ማየት ስትጀምሩ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከሩቅ ሲታይ የለመለመ ተዳፋት ከቅርብ ሲያዩት በየሣሩ መካከል ራቁት አፈር ያለበት ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ ሰማዩም ሲጠራ፣ በሦስተኛው ደረጃ ያልኳችሁን የፈፋ ጉዞ ድገሙት፤ ቦዩ በደለል ተሞልቶ፣ ቱቦው ተዘግቶ፣ ውሃው አዲስ መንገድ ቆርጦ ልታገኙት ትችላላችሁና የመውጫ ወረቀታችሁን በዚያው ቀን አስተካክሉት።